ዲግሪውን የሚሰጠው ማነው? መምህሩ ወይስ መመሪያው?

(በቀሚሴ ከተማ ለመምህራንና ለወላጆች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



ወገኖቼ፣ ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ሲሰሙት ደረቅ ስለሚመስል ነገር ነው። ሴኔት ስለሚባል ነገር። «ይሄ የአዲስ አበባ ፕሮፌሰሮች ጣጣ ነው፤ እኛ ቀሚሴ ተቀምጠን ምን አገባን?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን ልጠይቃችሁ። ከዚህ ከደዋ ጨፋ፣ ከአርጡማ ፉርሲ፣ ከጅሌ ጥሙጋ፣ ከባቲ ልጁን ፍየል ሽጦ፣ በሬ ሽጦ ዩኒቨርሲቲ የላከ ወላጅ ልጁ አራት ዓመት ተምሮ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ፣ ያ ወረቀት ምን ማለት እንደሆነ የወሰነው ማነው? ምን ይማር፣ ስንት ዓመት ይማር፣ ማን ይለፍ ማን ይውደቅ ብሎ የቆረጠው ማነው? ያስተማረው መምህር ነው? ወይስ የተማሪውን ፊት አይቶ የማያውቅ «የበላይ አካል»?

ነገሩ ይሄ ነው። ሌላ ጉዳይ የለኝም።

ይህን ጥያቄ ፈረንጅ ያመጣብን የሚመስለው ካለ እዚሁ ደጃችን ያለውን ይመልከት። ወሎ የቂርአት አገር ነው። ጀማ ንጉሥ፣ ዳና፣ ጌታ... ስማቸውን የማያውቅ የለም። ከዚሁ ከዞናችን ሾንኬ ተራራ ላይ፣ ከእነዚያ የድንጋይ ቤቶች መካከል፣ ሼህ ጀውሀር ሐይደር ሲያስቀሩ ደረሳው ከየአገሩ ይመጣ ነበር። ደረሳው ኪታቡን ከሼሁ ዘንድ ቁጭ ብሎ ይቀራል። ሲጨርስና ሼሁ ሲያምኑበት ኢጃዛ ይሰጡታል፤ «ይህን ከእኔ ተምሯል፣ ማስተማር ይችላል» ማለት ነው። ሼሁ ራሳቸው ባላስቀሩት ኪታብ ኢጃዛ አይሰጡም። ባላባቱ መጥቶ «ዘንድሮ ሰባ ደረሳ ፊቅህ፣ ሠላሳው ነሕው ይቅራ» አላላቸውም። ቢላቸውስ ይሰሙት ኖሯል?

የአብነት ትምህርት ቤቱም እንዲሁ ነው። የድጓ ተማሪ ቤተልሔም ወርዶ ካላስመሰከረ የድጓ መምህር አይባልም። የሚመሰክርለት ሊቁ ነው። ንጉሥ ለሊቁ ርስት ሊሰጥ ይችላል፣ ካባ ሊደርብለት ይችላል፤ ያልተማረውን ሰው ግን «አስመስክሯል» ሊያሰኝ አይችልም። እንግዲህ አባቶቻችን በሁለቱም በኩል፣ በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም፣ «ዕውቀትን የሚመሰክረው ዐዋቂ ነው» የሚለውን ሕግ ሳይጽፉት ያውቁት ነበር። እኛ ግን ጽፈነውም አልሆነልንም።

የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የንጉሡ ዘመን ነው፤ ነጻነት ሞልቶ ፈሶ ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ሕግ የሚወጣበት ጉባዔ የመምህራኑ ጉባዔ ነበር። ሕጉም ሲታተም የመምህራኑ ሕግ ተብሎ ታተመ። ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው የምታገኙት መተዳደሪያ «የሴኔት ሌጂስሌሽን» የሚባለው ከዚያ በመጣ ልማድ ነው። ስሙ አለ። ስሙማ ምን ጊዜም አለ!

አሠራሩ በወረቀት ላይ እንዲህ ነው። አንድ የዲግሪ ፕሮግራም ሲከፈት ሐሳቡ ከትምህርት ክፍሉ ይነሳል። መምህራኑ ተቀምጠው «አስተማሪ አለን ወይ? መጽሐፍ አለን ወይ? ላቦራቶሪ አለን ወይ? የሚመረቀው ልጅ የት ይሠራል?» ይባባላሉ። የውጭ ዐዋቂ ያየዋል። ወደ ፋኩልቲው አካዳሚክ ኮሚሽን ይሄዳል፣ እዚያ ይበጠራል። በመጨረሻ ሴኔት ያጸድቀዋል ወይም ይመልሰዋል። ዋናው ቃል «ይመልሰዋል» የሚለው ነው። መመለስ የማይችል ሴኔት ሴኔት አይደለም፤ ማኅተም ነው።

ታዲያ ይህ ሥልጣን እንዴት ተነጠቀ?

ደርግ የነጠቀው በግልጽ ነው። ማርክሲዝም ሌኒኒዝም ለሁሉም ተማሪ ግዴታ ሆነ፤ ሐኪም ሊሆን የመጣውም፣ መሐንዲስ ሊሆን የመጣውም ዲያሌክቲክስ ሲሸመድድ ከረመ። ኢሕአዴግ መጣና ያን አነሳ፣ በቦታው «ሥነ ዜጋ» ገባ። (መጽሐፉ ተቀየረ እንጂ ወንበሩ አልተቀየረም ይሉ ነበር ቀልደኞች።)

ከዚያ 1985 ዓ.ም. መጣ። ታኅሣሥ 26 ቀን ተማሪዎች በኤርትራ ሪፈረንደም ጉዳይ ተቃውመው ሰልፍ ወጡ፤ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ቡትሮስ ጋሊ አዲስ አበባ የነበሩበት ሰሞን ነው። ጥይት ተተኮሰ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ፕሬዚዳንቱ ዶ/ር ዓለማየሁ ተፈራ ከቦታቸው ተነሱ። በዚያው ዓመት ከ40 በላይ መምህራን የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «አርባ ሁለቱ» ይላቸዋል። ከመካከላቸው የሕክምና ፋኩልቲውን ከመሠረቱት አንዱ የሆኑት ፕ/ር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። ዶ/ር ታዬ ወልደሰማያት ነበሩ። ዶ/ር መኮንን ቢሻው ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስለ እነዚህ ሰዎች ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ፖለቲካው ነው። ፕ/ር አሥራት ታስረው፣ ታመው፣ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በሰው አገር አሜሪካ ውስጥ አረፉ። ዶ/ር ታዬ የመምህራን ማኅበር መሪ ሆነው በ1988 ታሰሩ፣ የተፈቱት በ1994 ነው። የማኅበሩ ባልደረባ አሰፋ ማሩ በ1989 ዓ.ም. ጠዋት ወደ ሥራቸው ሲሄዱ በፖሊስ ጥይት ወደቁ። ይህ ሁሉ ሊነሳ ይገባዋል። እኔ ግን ዛሬ የማነሳው ሌላውን ጎን ነው፤ ዝም የተባለውን። አንድ ቀዶ ሐኪም ማስተማር ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን መፍረድ የሚገባው ማነው? የቀዶ ሕክምና ትምህርት ክፍሉ ነው። በዚያ ዓመት የየትምህርት ክፍሎቹ መምህራን ተቀምጠው የባልደረባቸውን ጉዳይ አይተው አልወሰኑም። ደብዳቤው ከላይ መጣ፣ አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ መምህር በጉባዔ ላይ እጁን ከማውጣቱ በፊት ደብዳቤዋ ትዝ ትለዋለች። ሴኔት የሚሞተው በአዋጅ ሲሻር አይደለም። እጅ የሚያወጣ ሰው ሲያጣ ነው የሚሞተው።

ሚያዝያ 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተማሪዎች እንደገና ተነሱ። ጥያቄያቸው ምን ነበር? ፖሊስ ከግቢ ይውጣ፣ ማኅበራችን ይፈቀድ፣ መጽሔታችን ይታተም። መልሱ ምን እንደነበር የአዲስ አበባ እናቶች ያውቁታል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ፕ/ር መስፍን ወልደማርያምና ዶ/ር ብርሃኑ ነጋ ለተማሪዎች ስለ ሰብዓዊ መብትና ስለ አካዳሚክ ነጻነት ንግግር አድርገው ነበር። «አነሳስታችኋል» ተብለው ታሰሩ። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ፕ/ር እሸቱ ወንጨቆ በመንግሥት ጣልቃ ገብነት የተነሳ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ወንበር አይለቀቅም በሚባልበት አገር ወንበር የለቀቀ ሰው ስሙ ሊጠራ ይገባል። በዚያው ዓመት የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ወጣ። በኋላ 650/2001፣ በኋላ 1152/2011 ተተካ። ሦስቱንም ብታነቡ የአካዳሚክ ነጻነት አለባቸው፣ ሴኔት አለባቸው። ሴኔቱን የሚሰበስበው ግን ፕሬዚዳንቱ ነው። ምክትሎቹና ዲኖቹ በያዙት ሥልጣን አባል ይሆናሉ። ከላይ ቦርድ አለ፤ የቦርዱን አባላት የሚሾመው ሚኒስቴሩ ነው። እንግዲህ ቁጠሩት። በመምህራን ተመርጦ የሚገባው ሰው ስንት ይቀረዋል? ተሿሚው ሾሚውን ይቆጣጠራል ብሎ የሚያምን ካለ እሱ የዋህ ነው።

ይህ ለእናንተ ለወላጆች ምን አደረገ? ሁለት ነገር ብቻ ላውጋችሁ።

አንደኛው የፍሬሽማን ነገር ነው። ዱሮ ልጅ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሲገባ የመጀመሪያውን ዓመት ፍሬሽማን ተብሎ እንግሊዝኛውን፣ ሒሳቡን፣ ማሰቡን ያቃናል፤ ከዚያ ክፍሉን ይመርጣል። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ይህ ዓመት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ወርዶ «መሰናዶ» ተባለ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዲግሪው ሦስት ዓመት ሆነ። በየጉባዔው «ልጆቹ አልደረሱም፣ ይህን ዓመት አትንኩብን» ያለ መምህር ብዙ ነበር። ማን ሰማው? በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ፣ ዲግሪው እንደገና አራት ዓመት ሆነ። ይኸው ነው! አንድ ትውልድ ሙሉ ሦስት ዓመት ተምሮ ወጥቶ ሲያበቃ «ለካስ ያስፈልግ ነበር» ተባለ። የቀሚሴ ልጅ በዚህ ከማንም በላይ ተጎድቷል። አንደኛ ደረጃውን በአፋን ኦሮሞ የተማረ ልጅ፣ በክልሉ ቢሮ አማርኛ የሚጠየቅ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በእንግሊዝኛ ይማራል። ሦስት ቋንቋ የሚሻገር ልጅ መሸጋገሪያ ዓመቱን ሲነጠቅ ምን እንደሚሆን ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር ያውቀዋል። ቢሮ ውስጥ የተቀመጠው ከየት ያውቀዋል?

ሁለተኛው ሰባ ሠላሳ የሚባለው ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ ተማሪ ሰባው ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ተባለ። አገሪቱ መሐንዲስ ያስፈልጋታል፤ ማን ይክዳል? ነገር ግን ሰባው መቶኛ ከየት መጣ? የትኛው ሴኔት መዝኖ አገኘው? በ1983 ዓ.ም. ከአሥመራው ሌላ ሁለት የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ባይከፈት ከዚህ ዞን ስንት ልጅ ይቀር ነበር? ግን አዲስ ግቢ፣ ጥቂት መምህር፣ ባዶ ላቦራቶሪ ባለበት ሰባ በመቶ ሲጫን «አንችልም» የሚል ክፍል ያስፈልግ ነበር። እንዲህ የሚል «ፀረ ልማት» ተባለ። በተቃራኒው እንደ ታሪክ ያሉ ክፍሎች ተማሪያቸው ሳሳ። ቅድም ስለ ሾንኬ ስነግራችሁ ያን ታሪክ ጽፈው ለዓለም ካሳወቁት አንዱ ፕ/ር ሁሴን አህመድ ናቸው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበሩት። በ19ኛው መቶ ዓመት ስለ ወሎ እስልምና የጻፉት መጽሐፍ የውጭ ሰው ሳይቀር የሚያነበው ነው። የታሪክ ክፍል ባይኖር ሾንኬን ማን ይጽፋት ነበር? መሐንዲሱ?

እኔም ባስተማርኩበት አንድ ዩኒቨርሲቲ (ስሙ ይቅር) የፈተና ውጤት ካስገባን በኋላ «የወደቀው በዛ፣ ዕቅዳችንን አበላሸ፣ እንደገና ይታይ» የሚል ወሬ ከላይ ይመጣ ነበር። በጽሑፍ አይመጣም። በስልክ ነው። ዕቅዱ ውስጥ ምን ያህል ሰው ያልፋል የሚለው ተማሪው ሳይፈተን ተጽፏል። አንድ ሽማግሌ ባልደረባዬ «እንግዲያው ዲግሪውን ከማመልከቻ ቅጹ ጋር ብንልከውስ?» አለ። ሳቅን። ወዲያው ግን ሁላችንም ዙሪያችንን አየን፣ ማን እንዳለ።

መምህራኖቻችንን ንጹሕ ናቸው አልልም። ውጤት የሸጠ አለ። በሴት ተማሪ ላይ ሥልጣኑን የተጠቀመ አለ። አሥር ዓመት አንድ ቢጫ ማስታወሻ የሚያነብ አለ። «ይህን ሁሉ እያያችሁ ለመምህራን ሥልጣን ስጡ ትላላችሁ?» የሚል ቢኖር አላዝንበትም። መልሴ ግን ግልጽ ነው። ውጤት የሸጠውን ሰው የሚያውቀው ጎረቤት ወንበር ላይ ያለው ባልደረባው ነው እንጂ ሚኒስቴር አይደለም። ባልደረባው እንዲናገር ጉባዔው የራሱ መሆን አለበት። በስልክ የሚታዘዝ ጉባዔ ሌባውንም አይይዝም፤ እንዲያውም ሌባው ለስልኩ ቶሎ የሚታዘዘው እሱ ነው።

ደግሞ «ሥርዓተ ትምህርቱን በአገር አቀፍ ደረጃ ያረቀቁትም መምህራን ናቸው» ይሉናል። አዎ፣ ተመርጠው ሆቴል ገብተው ያረቀቁ አሉ፤ ጥሩ የሠሩም አሉ። ግን የመረጣቸው ማነው? ክፍላቸው ነው ወይስ ጠሪው? ረቂቁ ወደየዩኒቨርሲቲው ሲመጣ «ይህ ለእኛ አይሆንም» ብሎ የመለሰ ሴኔት ምን ደረሰበት? ለወሎ ቆላ የሚሆን የእንስሳት ሕክምና ትምህርትና ለሌላ አገር የሚሆነው አንድ ፊደል ሳይለወጥ አንድ ይሁን ማለት ጨፋን አለማወቅ ነው። ቦርከናን ተከትሎ ከቆላ የሚመጣ ከብት በበጋ እዚያ ረግረግ ላይ እንደሚሰፍር ባቲ ገበያ የሚውል ሕፃን ያውቀዋል።

አሁን ወደዚያ ስም እንመለስ። በ1993 ስለ አካዳሚክ ነጻነት ተናግረው የታሰሩት ዶ/ር ብርሃኑ ነጋ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! በእሳቸው ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጠበቀ። በ2014 ከተፈታኙ ከመቶ 3.3፣ በ2015 ከመቶ 3.2 ብቻ ግማሹን ነጥብ አገኘ። ስርቆቱ ሲቆም እውነቱ ታየ፤ ይህን አመሰግናለሁ፣ በተቃዋሚነቴ አልሸሽገውም። ሐምሌ 2015 ላይ ደግሞ የዲግሪ መውጫ ፈተና መጣ። በአጠቃላይ ያለፈው ከመቶ ወደ 41 ነው፤ ከመንግሥት ተቋማት ወደ 62፣ ከግሎቹ ወደ 17።

ፈተናው ያስፈልጋል አያስፈልግም ብዬ አልከራከርም። ግን ጤፉን የዘራው፣ ያረመው፣ የወቃው አንድ ሰው ሆኖ ሳለ እንክርዳድ ሲገኝ አዝመራውን የሚከሰው እንዴት ነው? የትምህርቱን ዓመት የቆረጠው፣ ተማሪውን የመደበው፣ ሥርዓተ ትምህርቱን ያስማማው፣ ፕሬዚዳንቱን በቦርድ በኩል የያዘው ያው መንግሥት ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ዳኛ ሆኖ ወጣ። የተቀጣው ማነው? አራት ዓመት ሙሉ «አልፈሃል፣ አልፈሃል» ሲባል ኖሮ በመጨረሻው ቀን «ወድቀሃል» የተባለው ልጅ። አባቱ በሬውን መልሶ አይገዛም።

በዚያው ዓመት የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ወጣ፤ መጀመሪያ ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ነው። ቃሉ ያምራል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ራስ ገዝ የሆነው ማነው? ፕሬዚዳንቱ ነው ወይስ መምህራኑ? ገንዘብ ራሱ እየፈለገ የሚያድር ዩኒቨርሲቲ ሴኔቱ ካልጠነከረ ከሚኒስቴሩ ስልክ ወጥቶ ወደ ገበያው ስልክ ይገባል። ገቢ የማያመጣው ክፍል ይዘጋል፣ ገቢ የሚያመጣው የማታ ዲግሪ ይፈላል። ጌታው ይለወጣል እንጂ ትእዛዙ ያው ነው።

በሌላውም አፍሪካ ይህ ታይቷል። በ1983 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የአፍሪካ ምሁራን ካምፓላ ተሰብስበው ስለ ምሁራን ነጻነት መግለጫ ያወጡት አገራቸው ውስጥ ተመሳሳይ ስልክ ስለሚደወል ነው። ዩኔስኮም በ1997 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስለ ከፍተኛ ትምህርት መምህራን ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ፣ መምህራን ሥርዓተ ትምህርቱን በመወሰን ድርሻ ይኑራቸው ብሏል። ሩቅ ስላለ ብቻ የምንጠራው አይደለም፤ ኢትዮጵያም አባል ነች።

ታዲያ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ምርጫ ሲመጣ አንዱ ካድሬ ተነስቶ «ግቢ እንከፍትላችኋለን፣ ይህን ፕሮግራም እናመጣላችኋለን» ይላል። ከማጨብጨባችሁ በፊት ጠይቁት። የትኛው ትምህርት ክፍል ነው ያቀረበው? ሴኔቱ መቼ አጸደቀው? ቃለ ጉባዔው የት አለ? ስንት መምህር ተቀጠረ? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ፣ እዚህም ቀሚሴ የሆነውን ስላያችሁ አልነግራችሁም፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል። የተዘረፈው ዕቃ ተተክቶ ነው ልጄ የሚማረው ወይስ በሰሌዳ ላይ በተሣለ ማይክሮስኮፕ ነው ብሎ መጠየቅ የወላጅ መብት ነው። የአፋን ኦሮሞ ዲግሪም ይከፈት ሲባል ጥያቄው ያው ነው። ፖለቲከኛ ለጭብጨባ የሚከፍተውን ክፍል ሌላ ፖለቲከኛ ለጭብጨባ ይዘጋዋል። መምህራን መዝነው የከፈቱትን ለመዝጋት ግን በመምህራን ፊት ምክንያት ማቅረብ ግድ ይሆናል።

ለመምህራኑም አንድ ቃል አለኝ። እዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ወጣት ሌክቸረሮች አላችሁ። ለሴኔት ተወካይ ምረጡ ሲባል «ሻይ የማያስጠጣ ስብሰባ ነው» ብላችሁ አትቅሩ። የምትመርጡት ሰው ማኅተም እንዲሆን ነው ወይስ እጅ እንዲያወጣ ነው የምትልኩት? ውሳኔው ለሁሉም መምህር እንዲለጠፍ ጠይቁ። ድምፁ ማን እንደሰጠና ማን እንደተቃወመ ተቆጥሮ እንዲጻፍ ጠይቁ። በስልክ የመጣውን «በጽሑፍ ይምጣልን» በሉ። ይህ ሕግ መጣስ አይደለም፤ ሕጉን ማስነበብ ነው። አብሽሩ።

አሁን ብዙ ተናገርኩ። ጥያቄ ያለው፣ «ተሳስተሃል» የሚለኝም ካለ፣ መድረኩ ክፍት ነው። እዚያ ጥግ እጃቸውን ያወጡት እናት ይቅደሙ።